የሞቀው ኮረብታ፦ የክሎ ዴ ጓስ ማሳ፣ የፊሊፖና ቤት እና የሻምፓኝ መጪ ዘመን

በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ፣ ከኤፐርኔ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ወደ ምሥራቅ ራቅ ብሎ፣ ማሬይ ሱር አዪ በተባለች መንደር ዳርቻ አንድ ገደላማ ኮረብታ አለ። ኮረብታው ፊቱን ወደ ደቡብ አዙሮ ከማርን ወንዝ ጎን በተቆፈረው ቦይ ላይ ያዘነብላል፤ ነፋስ በሌለበት ቀን ኮረብታውና በውኃው ላይ ያረፈው ነጸብራቁ አንድ ላይ ሲታዩ በጎኑ የተጋደመ ጠርሙስ ይመስላሉ። ስፋቱ ስድስት ሄክታር እንኳ የማይሞላው ይህ የወይን ማሳ ክሎ ዴ ጓስ ይባላል። «ክሎ» የተከለለ ማሳ ማለት ሲሆን፣ «ጓስ» ደግሞ በአካባቢው የቆየ አነጋገር እጅግ ቀጥ ያለ ዳገትን የሚያመለክት ቃል ነው፤ ተዳፋቱ በአንዳንድ ቦታ እስከ 45 ዲግሪ ስለሚደርስ ስሙ ከእውነታው ጋር ይስማማል።

ማሳው ሻምፓኝ ጠምቆ የሚሸጠው ድርጅት፣ የፊሊፖና ቤት፣ ንብረት ነው። ከ1935 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የዚህ ኮረብታ ፍሬ ከሌላ ማሳ ወይን ጋር ሳይደባለቅ ለብቻው ሻምፓኝ ሆኖ ይወጣል። ዝናውም በዋናነት የቆመው በቀዝቃዛ አገር ውስጥ የተገኘ ሙቅ ስፍራ በመሆኑ ላይ ነው። ቤቱ እንደሚገልጸው የማሳው አማካይ ሙቀት ከሻምፓኝ ክልል አማካይ በ1.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይበልጣል። ማሳው በተገዛበት ዘመን ይህ ልዩነት ትልቅ ሀብት ነበር። መላው ክልል በሚሞቅበት በዛሬው ጊዜ ግን ለዚያው ሀብት ምን ዋጋ ይተርፈዋል? ጥያቄው የአንድ ማሳ ብቻ አይደለም፤ የሻምፓኝ ሁሉ ጥያቄ በዚህች ጠባብ ኮረብታ ላይ ቀድሞ ስለተነሣ ነው ጉዳዩን በቅርበት ማየት የሚያስፈልገው።

ሻምፓኝ 34,000 ሄክታር ገደማ ማሳና ከ300 በላይ የወይን መንደሮች ያሉት ክልል ነው። ከቀይዎቹ ፒኖ ኗርና ሙኒዬ፣ ከነጩ ደግሞ ሻርዶኔ በብዛት ይተከሉበታል። ክልሉ ለወይን እርሻ በሰሜን ጫፍ ላይ ከሚገኙት አንዱ በመሆኑ ፍሬው በብዙ ዓመታት በቅጡ ሳይበስል ይለቀም ነበር። ስለዚህ ጠማቂዎቹ አንድ ብልሃት አዳበሩ፤ የአንዱን መንደር ወይን ከሌላው፣ የአንዱን ዝርያ ከሌላው፣ የዘንድሮውን ደግሞ ከቀደሙት ዓመታት ተቀማጭ ጋር ማደባለቅ። አንዱ መንደር በውርጭ ቢመታ ሌላው ይክሳል፤ ዘንድሮ ዝናብ ቢያበዛ የአምና ይደርሳል። ትልልቆቹ የሻምፓኝ ቤቶች ስማቸውን የገነቡት በዚህ የማደባለቅ ጥበብ ነው። በዚህ ሥርዓት ውስጥ የአንድ ማሳን፣ ያውም የአንድ ዓመትን ፍሬ ለብቻው ጠርሙስ ውስጥ ማስገባት ዋስትናን በገዛ እጅ መጣል ማለት ነበር።

አሠራሩም ራሱ ከቅዝቃዜ ጋር የተቆራኘ ነው። በቅድሚያ ደረቅና ጎምዛዛ የወይን ጠጅ ይጠመቃል፤ ከዚያ ትንሽ ስኳርና እርሾ ተጨምሮበት በጠርሙስ ይታሸግና ዳግመኛ ይብላላል። በዚህ ጊዜ የሚፈጠረው ጋዝ መውጫ አጥቶ በጠጁ ውስጥ ይሟሟል፤ ሥራውን የጨረሰው እርሾ ደግሞ አተላ ሆኖ ከታች ይቀራል። ጠጁ በአተላው ላይ በቆየ መጠን መዓዛው ይበለጽጋል፤ ሕጉ ለተራው ሻምፓኝ ቢያንስ 15 ወር፣ የአዝመራ ዓመቱ ተጽፎበት ለሚወጣው ደግሞ ሦስት ዓመት እንዲቆይ ያዛል። ክሎ ዴ ጓስ ስምንት ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያል። ይህን ሁሉ ዓመት ጠጁን ትኩስ አድርጎ የሚያቆየው ዋናው ነገር በፍሬው ውስጥ ያለው አሲድ ነው፤ ይኸው አሲድ ደግሞ ፍሬው በሙቀት እየበሰለ በሄደ ቁጥር ይቀንሳል።

የፊሊፖና ቤተሰብ በዚህ አካባቢ ያለው ታሪክ ረጅም ነው። አቭሪል ለ ፊሊፖና የተባሉ አባት በአዪና በዲዚ መንደሮች መካከል የወይን ማሳ እንደነበራቸው በ1522 ተመዝግቦ ይገኛል፤ ዘሮቻቸውም በወይን አልሚነት፣ በነጋዴነትና በአዪ ከተማ አስተዳዳሪነት ኖረዋል። ዛሬ የምናውቀው የንግድ ቤት ግን የተመሠረተው በ1910 ነው። ፒዬር ፊሊፖና የጓስን ኮረብታ የገዙት በ1935 ሲሆን ዘመኑ ለሻምፓኝ እጅግ መጥፎ ነበር። የአሜሪካ የአልኮል ክልከላ በ1933 ቢነሣም ዓለም አቀፉ የኢኮኖሚ ቀውስ ገዢዎችን አመናምኖ ነበር፤ የፍሬ ዋጋ ወድቆ ብዙ አልሚዎች ችግር ላይ ነበሩ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰው መቆም የሚቸገርበትንና በእጅ ካልሆነ በቀር ሊሠራ የማይመችን ዳገት መግዛት ቀላል ውሳኔ አይደለም። ፒዬር ፊሊፖና በዚያ ኮረብታ ላይ ያዩት የሥራውን ክብደት ብቻ አልነበረም ማለት ነው፤ ፀሐዩንም አይተዋል።

ፀሐዩ የሚሠራበትን መንገድ በዝርዝር ማየት ይጠቅማል። ማሬይ በሰሜን 49ኛው የኬክሮስ መስመር አጠገብ ስለምትገኝ ፀሐይ ከአድማስ ብዙም ከፍ አትልባትም፤ ጨረሯም በሜዳ ላይ አግድም ተበትኖ ያርፋል። ወደ ደቡብ ባዘነበለ ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ግን ያው ጨረር ፊት ለፊት ይወድቃል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ከሜዳው የበለጠ ብርሃንና ሙቀት ያገኛል። አፈሩ ስስ ነው፤ ከሥሩ ወዲያውኑ ነጭ የኖራ ድንጋይ ይገኛል። ይህ ድንጋይ በውስጡ ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች በአንድ ሜትር ኩብ ከ300 እስከ 400 ሊትር ውኃ መያዝ ስለሚችል በድርቅ ጊዜ ለሥሩ ቀስ እያለ ያጠጣል። በሌሊት ደግሞ ቀዝቃዛው አየር ከባድ ስለሆነ በቁልቁለቱ ተንሸራቶ ወደ ታች ይወርዳል፤ በዚህም ምክንያት የፀደይ ውርጭ በሜዳ ካሉት ማሳዎች ያነሰ ይጎዳዋል። እኛ በቋንቋችን ደጋም ቆላም ያልሆነውን የአየር ጠባይ «ወይና ደጋ» ስንል ስሙን የወሰድነው ከዚሁ ተክል ነው፤ ወይን መካከለኛውን ስፍራ እንደሚወድ የቀደሙት አባቶቻችን አውቀውታል። የጓስ ኮረብታም በደጋ አገር መካከል የተገኘች ጠባብ ወይና ደጋ ነበረች ማለት ይቻላል።

የዚህ ጸጋ ዋጋ ከሁሉ ይልቅ በመጥፎ ዓመታት ይታይ ነበር። በ2001 የሻምፓኝ ክልል በለቀማ ወቅት በዝናብ ተመታ፤ ፍሬው ሳይበስልና ስኳር ሳይቋጥር ቀረ፤ ከታወቁት ቤቶች መካከል የዚያን ዓመት አዝመራ ለብቻው ለማውጣት የደፈሩት እጅግ ጥቂት ናቸው። ፊሊፖና ግን የ2001 ክሎ ዴ ጓስን አወጣ። ሌሎቹ የዓመቱን ድክመት በተቀማጭ ወይን ሲያርሙ፣ እዚህ ኮረብታው ራሱ አረመው። ብቻውን የቆመ ማሳ ያለ ዋስትና ነው ቢባልም፣ የክሎ ዴ ጓስ ዋስትና በአፈሩና በአቀማመጡ ውስጥ እንደነበረ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ነገሩ በሌላ ጎኑ ታየ። በ2003 ሚያዝያ ውስጥ ከባድ ውርጭ ወርዶ ብዙ እምቡጥ ካጠፋ በኋላ፣ አውሮፓን ያጠቃው የሙቀት ማዕበል ሲመጣ ለቀማው በነሐሴ ተጀመረ። በሻምፓኝ ለቀማ እንዲህ ቀድሞ ሲጀመር ከ1822 ወዲህ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነበር። ብዙዎች በሕይወት ዘመን አንድ ጊዜ የሚታይ ክስተት ነው ብለው ነበር፤ የነሐሴ ለቀማ ግን በ2007፣ በ2011፣ በ2017፣ በ2018፣ በ2020 እና በ2022 ተደገመ። የክልሉ አማካይ ሙቀት ካለፉት አሥርት ዓመታት ወዲህ ከአንድ ዲግሪ በላይ ጨምሯል፤ ለቀማው ከቀድሞው ጋር ሲነጻጸር ወደ ሦስት ሳምንት ገደማ ቀድሟል፤ በጭማቂው ውስጥ ያለው አሲድ ቀንሷል፤ ስኳሩም ጨምሯል።

እነዚህን ቁጥሮች ከክሎ ዴ ጓስ የ1.5 ዲግሪ ብልጫ ጋር አቀራርቦ ማየት ያስፈልጋል። ከአንድ ዲግሪ በላይ ጭማሪ ማለት ዛሬ በሻምፓኝ ውስጥ ያለ አንድ ተራ ማሳ ፒዬር ፊሊፖና የገዙት ኮረብታ በዚያን ጊዜ የነበረው ሙቀት ላይ ሊደርስ ተቃርቧል ማለት ነው። ይህ ስሌት የእኔ ነው፤ የነፋስን፣ የአፈርንና የውኃን ነገር የሚተው ጥሬ ስሌትም ነው፤ አቅጣጫውን ግን በትክክል ያሳያል። ሌላው ሁሉ ሲሞቅ የሙቁ ኮረብታ ልዩነት ይጠባል፤ ኮረብታው ራሱም በበኩሉ መሞቁን ስለሚቀጥል ቀድሞ ማንም ያልሄደበት ቦታ ላይ ይደርሳል። ለዚህ ነው ክሎ ዴ ጓስን የሻምፓኝ መጪ ዘመን ቀድሞ የሚታይበት መስኮት አድርጌ የማየው። ሌሎች ቤቶች ዛሬ የሚጨነቁበትን ጥያቄ፣ ማለትም በሙቀት ከበሰለ ፍሬ ትኩስነቱን ያልለቀቀ ጠጅ እንዴት እንደሚወጣ፣ ይህ ቤት ለዘጠና ዓመት ያህል ሲመልስ ኖሯል።

መልሱ በአብዛኛው በጥንቃቄ ከመተው ይጀምራል። በብዙ የሻምፓኝ ቤቶች ከመጀመሪያው መብላላት በኋላ በባክቴሪያ የሚከናወን ሌላ ለውጥ ይፈቀዳል፤ በጥሬ ፖም ውስጥ እንዳለው ያለ ስለታም ማሊክ አሲድ በእርጎ ውስጥ ወዳለው ለስላሳ ላክቲክ አሲድ ይለወጣል። ይህ ለውጥ ጎምዛዛነቱ ለበዛበት የቀዝቃዛ አገር ጠጅ ተስማሚ ነው። ለክሎ ዴ ጓስ ግን ለውጡ እንዳይካሄድ ይደረጋል፤ ምክንያቱም ፀሐዩ አሲዱን አስቀድሞ ስለቀነሰው የቀረውን መጠበቅ ግድ ነው። ከጠጁ ከፊሉ በእንጨት በርሜል ይብላላል። አተላው ተገፍቶ ከወጣ በኋላ የሚጨመረው ስኳር በሊትር 4.5 ግራም ገደማ ብቻ ነው፤ ብሩት የሚባለው የተለመደው ሻምፓኝ እስከ 12 ግራም ሊደርስ ይችላል። የበሰለ ፍሬ ስኳር አይፈልግም፤ ስኳር የሚያስፈልገው በአመዛኙ የጥሬነትን ሹልነት ለመሸፈን ነውና። የቤቱ ሰዎች አተላው የወጣበትን ጊዜ በጠርሙሱ ጀርባ ላይ በመጻፍም ከቀደምቶቹ መካከል ናቸው፤ ይህም ገዢው የሚጠጣውን ነገር ዕድሜ በግልጽ እንዲያውቅ ያደርጋል።

ሌላው ሥራ የሚሠራው ከአጥሩ ውስጥ ነው። ማሳው አንድ ቢባልም ወጥ አይደለም። ከላይ ያለው ክፍል፣ መካከሉና ከቦዩ አጠገብ ያለው ግርጌ እኩል አይበስሉም፤ ፒኖ ኗሩና ሻርዶኔውም እንዲሁ። ስለዚህ ማሳው በክፍል በክፍል ተለይቶ ይለቀማል፣ በየክፍሉ ይጠመቃል፣ ከዚያ በኋላ የመጨረሻው ቅልቅል ይዘጋጃል። ከኮረብታው መካከል ካሉት ክፍሎች «ሌ ሳንትር» የተባለ ለብቻው የሚወጣ እጅግ ጥቂት ጠርሙስም አለ። እንግዲህ ክሎ ዴ ጓስ የማደባለቅን ጥበብ ፈጽሞ የተወ ተደርጎ ቢነገርለት ስሕተት ነው። ጥበቡን ከ300 መንደሮች አውጥቶ በስድስት ሄክታር ውስጥ አስገባው እንጂ አልተወውም። ሙቀቱ ሲበረታም የሚያድነው ይኸው ይመስለኛል፤ በአንድ ኮረብታ ውስጥ ቀድሞ የሚለቀምና ዘግይቶ የሚለቀም ቦታ እስካለ ድረስ ጠማቂው የሚመርጠው ነገር አያጣም።

እዚህ ላይ ጉዳዩን ወደ ሙቀት ብቻ ማጥበብ እንደማይገባ መናገር ያስፈልጋል። ክረምቱ ሲለሰልስ ተክሉ ቀድሞ ያቆጠቁጣል፤ ቀድሞ ያቆጠቆጠው ደግሞ ለሚያዝያ ውርጭ ይጋለጣል። በሐምሌ 2019 ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በልጦ ዘለላዎች በሐረጋቸው ላይ እንዳሉ ተቃጠሉ። በ2021 ደግሞ ውርጭ፣ ዝናብና ሻጋታ ተከታትለው የክልሉን ምርት ክፉኛ ቀነሱት። ከሁለት መጥፎ ክስተቶች አንደኛው የሙቀት፣ ሌላው የብርድና የእርጥበት ሲሆን፣ አልሚው ለየትኛው መዘጋጀት እንዳለበት አስቀድሞ የሚነግረው የለም። የማሳው ቁልቁለት ከውርጭ ቢያድነውም ከቃጠሎ አያድነውም፤ እንዲያውም ያጋልጠዋል።

የአንድ ማሳ ሻምፓኝ የሚያወጡ ቤቶች ቁጥር መጨመሩም ከዚህ ለውጥ ጋር የተያያዘ ነው። በቅልቅል ጥበቡ የታወቀው የክሩግ ቤት በ1971 በለ ሜኒል መንደር ውስጥ 1.84 ሄክታር ማሳ ገዛ፤ ማሳው ከ1698 ጀምሮ በግንብ የታጠረ ነበር። የፍሬው ባሕርይ ቤቱን ስላስገረመ የ1979 አዝመራ ክሎ ዱ ሜኒል በሚል ስም ለብቻው ወጣ። የቦላንዤ ቤት በአዪ ካለው ላ ኮት ኦ ዛንፋን ከተባለው ማሳው ለረጅም ጊዜ ቀይ የወይን ጠጅ ብቻ ሲያወጣ ከቆየ በኋላ፣ ከ2012 አዝመራ ጀምሮ የዚያኑ ማሳ ሻምፓኝ ማውጣት ጀመረ። ፍሬው በየዓመቱ ማለት ይቻላል የሚበስል ከሆነ አንድን ማሳ ብቻውን ማቆም የቀድሞውን ያህል አያስፈራም። ሙቀቱ ለጊዜው የሰጠው ነገር እንዳለ መካድ አይቻልም፤ ስጦታው እስከ መቼ እንደሚዘልቅ ነው ጥያቄው።

ይህ ጥያቄ ደግሞ ማሳውን ማን እንደሚይዘው ወደሚለው ይወስደናል። አንድ የወይን ተክል ከተተከለ በኋላ ለሠላሳና ለአርባ ዓመት፣ ከዚያም በላይ ያፈራል፤ ዛሬ የተተከለው በ2055 ይለቀማል። በእንዲህ ያለ የጊዜ ርዝመት የሚያስብ ባለቤት ያስፈልጋል፤ ሰዎችም «የቤተሰብ ቤት» የሚለውን ስም የሚወዱት በዚህ ምክንያት ነው። የፊሊፖና ጉዳይ ግን ከስሙ ይልቅ ውስብስብ ነው። ቤቱ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ከቤተሰቡ ባለቤትነት ወጥቶ ከእጅ ወደ እጅ ከተላለፈ በኋላ በ1997 ዛሬ ላንሶን ቢሲሲ በሚባለው ቡድን ተገዛ። ቡድኑ አክሲዮኑ በፓሪስ ገበያ የሚሸጥ ኩባንያ ነው። ብዙም ሳይቆይ ግን ከዚያው ዘር የሆኑት ሻርል ፊሊፖና ቤቱን እንዲመሩ ተሾሙ። ስለዚህ የቤተሰቡ ሰው በአመራር፣ ኩባንያው በባለቤትነት የተገናኙበት ሁኔታ ተፈጠረ። አንዳንዶች ይህን የስም ጌጥ ብቻ አድርገው ሊያዩት ይችላሉ፤ እኔ አልስማማም። በሻርል ፊሊፖና ዘመን ለክሎ ዴ ጓስ የተሰጠው ትኩረት፣ ማለትም በክፍል መለቀሙ፣ በእንጨት መብላላቱ፣ ስኳሩ መቀነሱና ጠርሙሱ ረጅም ጊዜ መቆየቱ፣ ሁሉም ገንዘብን ለዓመታት የሚያስሩ ውሳኔዎች ናቸው። ስምንት ዓመት በምድር ቤት የሚተኛ ጠርሙስ ስምንት ዓመት ገቢ አያስገባም። ስማቸው በጠርሙሱ ላይ የተጻፈ ሰው እንዲህ ያለውን ጥበቃ ለባለ አክሲዮኖች ለማስረዳት ከማንም የተሻለ ብቃት አለው።

ሌሎች ቤተሰቦች በሌላ መንገድ ሄደዋል። የታቲንዤ ቤት በ2005 ተሸጦ በቀጣዩ ዓመት በቤተሰቡ አባል መሪነት መልሶ ተገዛ፤ ይኸው ቤት በ2015 በደቡብ እንግሊዝ ኬንት አውራጃ መሬት ገዝቶ በ2017 ወይን መትከል ጀመረ። የሻምፓኝ የኖራ ድንጋይ ከባሕሩ ሥር አልፎ በደቡብ እንግሊዝ ዳግመኛ ብቅ ስለሚል አፈሩ እንግዳ አይደለም፤ አየሩም ገና ቀዝቃዛ ነው። ይሁንና እንዲህ ያለው አማራጭ ብዙ ማሳ ላለው ቤት ነው የሚሠራው። ክሎ ዴ ጓስ ወደ ሰሜን ሊሄድ አይችልም። ዋጋው ሁሉ በአንድ ስፍራ ላይ የተጣለ ነው፤ የማሬይ ኮረብታዎች ከአዪና ከኦቪሌ ጋር በ2015 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡትም በዚያው ስፍራ ላይ እንዳሉ ነው።

ገበያውም ጊዜ የሚሰጥ አይመስልም። ክልሉ በ2022 ወደ 325 ሚሊዮን ጠርሙስ ሸጦ ነበር፤ በ2023 ወደ 299 ሚሊዮን፣ በ2024 ወደ 271 ሚሊዮን ወረደ። የክሎ ዴ ጓስ ዓመታዊ ምርት በዚህ ባሕር ውስጥ ጠብታ ስለሆነ ማሽቆልቆሉ እንደ ርካሹ ሻምፓኝ በቀጥታ አይመታው ይሆናል፤ ማሳውን የሚደግፈው ግን የቤቱ አጠቃላይ ንግድ ነው፤ ያ ንግድ ደግሞ ከክልሉ ጋር ይወርዳል።

ፊሊፖና ከተለመደው ክሎ ዴ ጓስ ሌላ፣ ከለቀማው 25 ዓመት ገደማ በኋላ የሚያወጣቸው ጠርሙሶች አሉት፤ «ኤል ቪ» በሚል ምልክት ይታወቃሉ፤ ትርጉሙም ረጅም ቆይታ ነው። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ከምድር ቤቱ የወጡት በ1990ዎቹ የተለቀሙ ናቸው፤ የነሐሴ ለቀማ ገና የተረሳ ነገር በነበረበት ዘመን የበሰሉ ማለት ነው። የ2018፣ የ2020 እና የ2022 ለቀማዎች በዚያው ልማድ ከተጠበቁ ተራቸው የሚደርሰው በ2043፣ በ2045 እና በ2047 ገደማ ነው። ያን ጊዜ አንድ ሰው የሁለቱን ዘመን ጠርሙሶች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ከፍቶ ይቀምሳቸዋል፤ ያው ዳገት፣ ያው ድንጋይ፣ ያው አጥር ሆኖ፣ በመካከላቸው ያለው ልዩነት በአብዛኛው የሙቀቱ ይሆናል።